የረመዷን ዕቅድ ከመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ይጀመራል

(የመግቢያ ድምፅ፦ የድቤ ምት ለጥቂት ሰከንድ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ የዛሬው ሳምንታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው እያንዳንዱ ሙስሊም ለረመዷን በሚያወጣው የግል የዒባዳ ዕቅድ ላይ ነው። ዒባዳ ሲባል ሰላትና ጾም ብቻ ሳይሆኑ፣ አንድ ሰው የአላህን ውዴታ ፈልጎ የሚናገረው መልካም ቃልና የሚሠራው መልካም ሥራ ሁሉ በውስጡ ይካተታል፤ ስለዚህ ዕቅዱ በመስጊድ ተወስኖ አይቀርም፤ ማድ ቤትን፣ ገበያን፣ መሥሪያ ቤትንና የእጅ ስልክንም ይነካል።

ረመዷን በሒጅራ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲሆን፣ እንደ ጨረቃዋ መታየት 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል፤ ጾሙም ግዴታ ሆኖ የተደነገገው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ በሁለተኛው ዓመት ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ወሩ ክረምትንም በጋንም እየዞረ ያዳርሳል፤ በአጨዳ ወቅት የሚጾም ገበሬና ማሳው ባረፈበት ወቅት የሚጾም ገበሬ አንድ ዓይነት ዕቅድ ሊኖራቸው እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለመሆኑ የረመዷን ዕቅድ መቼ ይጀመራል? ጨረቃዋ በታየችበት ምሽት ነው? ወይስ ከዚያ አስቀድሞ? ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚያስበው ለመጀመሪያው ተራዊሕ ማለትም ከዒሻ ሰላት በኋላ ለሚሰገደው የረመዷን የሌሊት ሰላት ወደ መስጊድ ሲያመራ ነው። በዚህ ዝግጅት የሚቀርበው ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዕቅዱ መውጣት ያለበት ከረመዷን በፊት ባለው በሻዕባን ወር ሲሆን፣ ሲወጣም የሚጀመረው ከመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ነው።

(አጭር የድቤ ምት።)

ለምን ከመጨረሻው? በየዓመቱ የሚታየውን ልብ ማለት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች መስጊዱ ሞልቶ ሶፉ፣ ማለትም የሰጋጆቹ ረድፍ፣ በረንዳውን አልፎ ግቢውን ይሞላል፤ ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ ግቢው ነጻ ይሆናል፤ ከወሩ ሁሉ በላጭ የሆኑት ሌሊቶች ሲገቡ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ መርካቶ ውስጥ የዒድ ልብስና ጫማ ሲያማርጥ ያመሻል። ጉልበቱ መጀመሪያ ላይ ያልቃል፤ ጊዜው ደግሞ መጨረሻ ላይ በገበያ ይወሰዳል።

የነቢዩ ልማድ ከዚህ ተቃራኒ እንደነበረ ባለቤታቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፋለች፤ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ሲገቡ ነቢዩ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ይተጉ፣ ሌሊቱን በዒባዳ ያሳልፉ፣ ቤተሰባቸውንም ለሰላት ይቀሰቅሱ ነበር። በእነዚህም ቀናት ኢዕቲካፍ ይገቡ ነበር፤ ኢዕቲካፍ ማለት ለዒባዳ ሲባል ከዕለት ጉዳይ ተለይቶ በመስጊድ ውስጥ መቆየት ነው።

በእነዚህ ሌሊቶች ውስጥ ለይለቱል ቀድር አለች፤ ይህች ሌሊት ቁርኣን የወረደባት፣ ዋጋዋም ከ1,000 ወር እንደሚበልጥ በ97ኛው ሱራ ማለትም ምዕራፍ የተነገረላት ሌሊት ናት። አንድ ሺህ ወር ከ83 ዓመት በላይ ነው፤ ይህም የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ያህል ማለት ነው። ነቢዩ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች፣ በተለይም በጎዶሎ ቁጥር ሌሊቶች እንድትፈለግ አዝዘዋል፤ 27ኛዋ ሌሊት ናት የሚለው አስተያየት ብዙ ደጋፊዎች ቢኖሩትም፣ ዕቅዱን በሙሉ በእርሷ ላይ ብቻ የጣለ ሰው ሌሎቹን ዘጠኝ ሌሊቶች በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር መነሣት አለበት። በሒጅራ አቆጣጠር ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማል፤ ስለዚህ 21ኛው ሌሊት የሚባለው የ20ኛው ቀን ጾም ተፈቶ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚገባው ምሽት ነው እንጂ የ21ኛው ቀን ጾም የሚፈታበት ምሽት አይደለም። ይህ ይደገም፤ የ20ኛው ቀን ኢፍጧር፣ ማለትም የጾም መፍቻው፣ ሲያበቃ 21ኛው ሌሊት ገብቷል። ይህን ሳያጣራ የሚያቅድ ሰው አምስቱንም ጎዶሎ ሌሊቶች በአንድ ቀን አሳልፎ ሊነሣ ይችላል።

ታዲያ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ለእነዚህ ሌሊቶች ምን ያቅድ? ዓመት ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ፈቃዱን ለእነዚህ ቀናት ቢያቆየው መልካም ነው፤ ይህ የማይሆንለት ግን በዐሥሩም ሌሊት ሳያቋርጥ ሊፈጽመው የሚችለውን መጠነኛ ነገር ይወስን። ዒሻንና ሱብሒን በጀማዓ፣ ማለትም ከሰጋጆች ጋር በኅብረት፣ ቢሰግድ፣ ከሱሑር፣ ማለትም ጎሕ ሳይቀድ ከሚበላው ማዕድ፣ በፊት ሁለት ረከዓ ሰላት ቢጨምር፣ በየሌሊቱም ዐሥር ብር ሰደቃ ማለትም ምጽዋት ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ለይለቱል ቀድር በየትኛዋም ሌሊት ብትውል ሰላቱም ሰደቃውም ያገኟታል።

ዱዓ ማለትም ልመና እንኳ ቀደም ብሎ ቢታሰብበት ይሻላል። ዓኢሻ ለይለቱል ቀድርን ብታገኝ ምን ብላ እንደምትለምን በጠየቀች ጊዜ፣ ነቢዩ ያስተማሯት የአላህን ይቅር ባይነትና ይቅርታ ወዳድነት እየጠቀሰች ይቅርታን ብቻ የምትለምንበትን አጭር ዱዓ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ለወላጁ፣ ለልጁ፣ ለታመመበት፣ ዕዳ ላለበትና ለአገሩ ሰላም የሚለምነውን በአንድ ወረቀት ላይ ቢያሰፍር፣ እኩለ ሌሊት ላይ ድካምና እንቅልፍ ሲጫጫነው የሚለምነው አይጠፋበትም።

ዘካተል ፊጥርም የእነዚህ ቀናት ጉዳይ ነው፤ ይህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለሕፃናቱም ጭምር፣ ከዒድ ሰላት በፊት ለድሆች የሚወጣ ግዴታ ነው። መጠኑ አንድ ሷዕ ሲሆን፣ ሷዕ ማለት መካከለኛ ቁመና ባለው ሰው ሁለት እጅ አራት እፍኝ ነው፤ በክብደት ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጤፍ ቀለቡ የሆነ ከጤፍ፣ ስንዴ ወይም ማሽላ ቀለቡ የሆነም ከዚያው ያወጣል፤ በሐነፊይ መዝሀብ፣ ማለትም የሃይማኖት ሕግ ትምህርት መንገድ፣ በገንዘብ ማውጣትም ይፈቀዳል።

(የድቤ ምት፤ ለአምስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ የተከበራችሁ አድማጮች፣ መጨረሻው ከተወሰነ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ እስከዚያ ድረስ ጉልበትን ማቆየት እንዴት ይቻላል የሚለው ነው። በሐዲስ መጻሕፍት፣ ማለትም የነቢዩ ቃልና ተግባር በተላለፈባቸው መጻሕፍት፣ ለዚህ ከማንኛውም ምክር የሚበልጥ ትምህርት የሚገኘው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር በተባለ ወጣት ሶሐባ ታሪክ ውስጥ ነው፤ ሶሐባ የነቢዩ ባልደረባ ማለት ነው።

ይህ ወጣት ቀኑን ሁሉ እየጾመ በየሌሊቱም ቁርኣንን በሙሉ ያነብ ነበር። ሚስቱ ችላ መባሏን ያየው አባቱ ለነቢዩ በነገራቸው ጊዜ ወጣቱን አስጠርተው፣ አካሉ፣ ዓይኑ፣ ሚስቱና እንግዳው ሁሉ በእርሱ ላይ ሐቅ ማለትም መብት እንዳላቸው ገለጹለት፤ በወር ሦስት ቀን እንዲጾምና ቁርኣንን በወር አንድ ጊዜ እንዲያከትምም መከሩት። እርሱ ግን ከዚህ የበለጠ እችላለሁ እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ በመጨረሻም አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን እንዲያፈጥር፣ ቁርኣኑንም በሰባት ቀን እንዲጨርስ፣ ከዚያም እንዳያልፍ ተነገረው።

ይህ ሰው ሲያረጅ ምን ሆነ? ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ምነው ያንን ማቅለያ በተቀበልኩ ኖሮ ይል ነበር። ሌሊት የሚያነበው እንዲቀልለት የዕለቱን ድርሻ ቀን ላይ ለቤተሰቡ አንብቦ ያሰማ ነበር፤ ብርታት ሲያስፈልገውም ተከታታይ ቀናት አፍጥሮ፣ ያፈጠራቸውን ቆጥሮ ያንኑ ያህል ይጾም ነበር፤ ነቢዩ በሕይወት ሳሉ የያዘውን ነገር መተው ከብዶታልና።

ይህ ታሪክ በሚገባ ሊጤን ይገባል። ወጣቱ የጠየቀው ሁሉ መልካም ነገር ነበር፤ ነቢዩ ግን የመጀመሪያ ምክራቸውን የሰጡት የዛሬ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚኖረውንም ጉልበት አይተው ነው። በአላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው፤ ረመዷን አንድ ወር ብቻ ቢሆንም፣ በአንድ ወር ውስጥም የዛሬውና የነገው ጉልበት እንደሚለያይ ማንም ጾመኛ ያውቀዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ነቢዩ አንድ ቀን ወደ መስጊድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረ ገመድ አዩ፤ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ባለቤታቸው ዘይነብ ሰላት ላይ ቆማ ስትደክም የምትደገፍበት እንደሆነ ተነገራቸው። ገመዱን እንዲፈቱት አዘዙ፤ ሰው በንቃቱ ልክ እንዲሰግድ፣ ሲደክመውም እንዲቀመጥ አስተማሩ።

እንግዲህ አድማጭ ራሱን ይጠይቅ፤ ባለፈው ረመዷን በስንተኛው ቀን ላይ ነው ዕቅዱ የተቋረጠው? ምክንያቱስ ስንፍና ነበር ወይስ ከአቅም በላይ መጀመር? የብዙ ሰው ዕቅድ የሚሰበረው በሁለተኛው ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚቻለው ትንሽ ዝቅ ብሎ መጀመር፣ በሁለተኛው ያንኑ ማጽናት፣ የቀረውን ኃይል ለመጨረሻው ማዋል ይገባል፤ ሌሊት አንድ ሰዓት መስገድ የሚችል ሰው በግማሽ ሰዓት ቢጀምር ያተርፋል እንጂ አያጎድልም።

(አጭር የድቤ ምት።)

አቅራቢ፦ ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰው ለዕቅዱ አዲስ ሰዓት ሊፈጥር አይችልም፤ ቀድሞውኑ በተቆረጡ ሰዓቶች ላይ ግን ዒባዳውን ሊያስጠጋ ይችላል። በየዕለቱ የማይናወጡ ሰዓቶች የትኞቹ ናቸው? አምስቱ የሰላት ወቅቶች (ሱብሒ በንጋት፣ ዙህር በቀትር፣ ዐስር ከሰዓት በኋላ፣ መግሪብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዒሻ በምሽት)፣ ሱሑርና ኢፍጧር ናቸው።

ስለ ሱሑር የሚነገር አንድ ደስ የሚል ዝርዝር አለ። ሶሐባው ዘይድ ኢብኑ ሳቢት ከነቢዩ ጋር ሱሑር በልቶ ወደ ሰላት እንደተነሣ ሲናገር፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ጊዜ ምን ያህል ነበር ተብሎ ተጠየቀ፤ የ50 አንቀጽ ንባብ ያህል ብሎ መለሰ። የዚያ ዘመን ሰዎች ጊዜን በቁርኣን ንባብ እስከመለካት መድረሳቸው ምን ያህል እንደለመዱት ያሳያል።

በመዲና በሌሊቱ መጨረሻ ሁለት አዛን፣ ማለትም የሰላት ጥሪ፣ ይሰማ ነበር። የዘር ሐረጉ ከሐበሻ የሚመዘዘው ቢላል ጎሕ ሳይቀድ አዛን ያሰማል፤ የተኛው እንዲነቃ፣ የሚሰግደውም ወደ ሱሑሩ እንዲመለስ ነው፤ መብላትና መጠጣት የሚቆመው ሁለተኛው አዛን አሰሚ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ሲከተል ነው። ይህ የሁለት አዛን ሥርዓት በራሱ የሌሊት መርሐ ግብር ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ለሱሑር የሚነሣ ቤተሰብ ከመብሉ አስቀድሞ ዐሥር ደቂቃ ለሰላትና ለዱዓ ቢተው፣ ያለ ተጨማሪ እንቅልፍ ማጣት የሌሊት ዒባዳ አገኘ ማለት ነው።

የቁርኣን ንባብም በዚሁ መንገድ ሊደለደል ይችላል። ቁርኣን 30 ጁዝ ማለትም ክፍል አለው፤ በስፋት በሚሠራበት በመዲናው ኅትመት አንድ ጁዝ 20 ገጽ ገደማ ነው። ከእያንዳንዱ ሰላት ጋር አራት ገጽ የሚያነብ ሰው በቀን አንድ ጁዝ፣ በወሩም ሙሉውን ያከትማል፤ አራት ገጽ የሚከብደው ሁለት ገጽ ያንብብ፤ ግማሹን ቁርኣን በረመዷን ያነበበ ሰው ቀላል ሥራ አልሠራም።

ዐረብኛው የሚያደናቅፈውስ ምን ያድርግ? እየተንተባተበ ለሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ ተናግረዋል፤ ይህ ሰው በገጽ ብዛት ከሌላው ጋር መፎካከር አያስፈልገውም። አንድ አጭር ሱራ በትክክል ማጥናትና በ1961 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ ትርጉም ወይም ከእርሱ በኋላ በወጡት ትርጉሞች መልእክቱን መረዳት ለእርሱ በቂ የወር ግብ ነው።

ተራዊሕን በሚመለከት በረከዓው ቁጥር ላይ የሚነሣው ክርክር እዚህ አያስፈልግም። ኸሊፋ ዑመር ሰዎችን ከሶሐባው ኡበይ ኢብኑ ከዕብ ኋላ አንድ አድርገው ካሰገዱበት ጊዜ ጀምሮ የጀማዓው ተራዊሕ ጸንቷል፤ ለዕቅድ አውጪው የሚጠቅመው ከአንድ ኢማም ጋር እስከ መጨረሻው ለመቆም መወሰኑ ነው።

(የድቤ ምት፤ ለአምስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ እስካሁን የተነገረው የራሱ ሰዓት በእጁ ላለ ሰው ነው። ሰዓቷ በሌላ ሰው እጅ ያለ እህትስ? በጅዳ ወይም በሪያድ በአንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ለምሳሌ ትታሰብ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረመዷን የመሥሪያ ቤቶች የሥራ ሰዓት ያጥራል፤ የእርሷ ሥራ ግን ይረዝማል፤ ቤተሰቡ ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ ቀን ይተኛል፤ ከዐስር በኋላ ሾርባው ይጣዳል፣ ሳምቡሳው ይጠቀለላል፣ ይጠበሳል፤ መግሪብ ሲደርስ እርሷ ቴምር በእጇ እንደያዘች ቆማ ታፈጥራለች፤ ከዚያም ዕቃ ማጠብ፣ እንግዳ ማስተናገድና የሱሑሩ ማዕድ ይከተላል።

ለዚህች እህት በቀን አንድ ጁዝ አንብቢ፣ ተራዊሕ አያምልጥሽ ማለት ሸክም መጨመር ነው። ዕቅዷ ከራሷ ቀን መነሣት አለበት። ቤተሰቡ በሚተኛበት በዙህርና በዐስር መካከል ያለው ጸጥ ያለ ጊዜ የእርሷ የቁርኣን ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ገጽ ከሆነ ሁለት ገጽ ነው። ዚክር ማለትም አላህን በምላስና በልብ ማውሳት ውዱእ፣ ማለትም የሰላት ትጥበት፣ አያስፈልገውም፣ መቀመጥም አይጠይቅም፤ ዘይቱ እስኪግል ቆማ ሳለች ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱ ሊላህ ልትል ትችላለች። የጾመኛ ዱዓ ተቀባይነት ያለው በመሆኑ፣ ከመግሪብ በፊት ባሉት ደቂቃዎች እጇ እየሠራ ምላሷ ለእናቷና ለልጆቿ ሊለምን ይችላል። ሰላቷን በክፍሏ ውስጥ ብትሰግድ ምንዳዋ አይጓደልም።

ሥራዋ ራሱስ ምን ይባላል? ሶሐባው አነስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ በአንድ ሐሩር ቀን ጉዞ ላይ የጾሙት ደክመው ሲወድቁ ያልጾሙት ተነሥተው ድንኳን ተከሉ፣ እንስሶቹንም አጠጡ፤ ነቢዩም የዚያን ቀን ምንዳ የወሰዱት እነዚያ አገልጋዮች መሆናቸውን ተናገሩ። አገልግሎት ይህን ያህል ዋጋ ካለው፣ ራሷ ጾማ ሌላውን ጾመኛ የምታስፈጥር ሴት ዋጋዋ ምን ያህል ይሆን? የሚያስፈልጋት ኒያ ነው፤ ኒያ ሥራውን ለአላህ ብሎ የመሥራት የልብ ውሳኔ ነው። ይህ ቃል ደመወዟን ለሚከለክል ወይም ዕረፍት ለሚነፍጋት አሠሪ መሸፈኛ አይሆንም፤ ለሠራተኛ ክፍያውን ላቡ ሳይደርቅ መስጠትና ከአቅሙ በላይ አለማሠራት የነቢዩ ትእዛዝ ነውና።

ይኸው መንገድ በኮምቦልቻ ከምድጃዋ አጠገብ ለምትውል እናትም፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ለሚውል የሚኒባስ ሹፌርም ይሠራል። ሹፌሩ ቴምርና ሃይላንድ ውኃ ከጎኑ አስቀምጦ ቢንቀሳቀስ መግሪብ መንገድ ላይ ቢይዘው አይቸገርም፤ ረዳቱንና ተሳፋሪውን ባለመሳደብ የሚያሳልፈው ቀንም ከዕቅዱ አንድ ዋና ክፍል ነው።

(አጭር የድቤ ምት።)

አቅራቢ፦ ምላስ ከተነሣ፣ በዕቅድ ውስጥ የሚተው ነገርም መጻፍ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። ሐሰትን ያልተወ ሰው መብልና መጠጡን መተዉ በአላህ ዘንድ የሚፈለግ እንዳልሆነ ነቢዩ አስተምረዋል። በ505 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ፣ ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሰው ነፍሱን የሚይዝበትን መንገድ ነጋዴ ሸሪኩን ከሚይዝበት ጋር አነጻጽረውታል፤ ጠዋት ውል ይገባሉ፣ ቀን ይከታተላሉ፣ ማታ ሒሳብ ይተሳሰባሉ። የመጨረሻው ሙሓሰባ ይባላል፤ ራስን መተሳሰብ ማለት ነው።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? ከሱብሒ ሰላት በኋላ አንድ ሰው ዛሬ ሐሜት በሚነሣበት ቦታ አልቀመጥም፣ ከዐስር እስከ መግሪብ ስልኬን አልከፍትም ብሎ ከነፍሱ ጋር ይዋዋላል፤ ከተራዊሕ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ተፈጸመ ወይስ ተሻረ ብሎ ይጠይቃል። ተሽሮ ከሆነ ተውባ ያደርጋል፣ ማለትም ተጸጽቶ ወደ አላህ ይመለሳል፤ ለነገም ውሉን ያድሳል። የተሻረውን ሁሉ በነጋታው እጥፍ አድርጎ ለማካካስ መሞከር ግን ዕቅዱን ጨርሶ ያፈርሰዋል፤ ያመለጠው አምልጧል፤ የነገው ድርሻ የነገው ብቻ ነው።

ጾም የማይጾሙትስ? የወር አበባ ላይ ያለች፣ ወልዳ የተኛች፣ በሽተኛና መንገደኛ ወሩ አልፎባቸው የቀሩ አይደሉም። ዚክር፣ ዱዓ፣ ሰደቃ፣ ቁርኣን ማዳመጥና ጾመኛን ማስፈጠር ለሁሉም ክፍት ነው፤ በወር አበባ ጊዜ ቁርኣንን በቃል ስለማንበብ በዑለማእ መካከል ልዩነት ስላለ በዚህ ላይ የሚያምኗቸውን ዓሊም መጠየቅ ያሻል። የመዳን ተስፋ በሌለው ሕመም የተያዘ ወይም በእርጅና የደከመ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ይመግባል፤ ይህም ፊድያ ይባላል።

(የድቤ ምት፤ ለአምስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ተነሥቶ ወደ ኋላ የመጣው ዕቅድ አሁን ከወሩ ደጃፍ ወጥቶ ሻዕባን ላይ ደርሷል። በሻዕባን ምን ይሠራል? ከሁሉ በፊት ካለፈው ረመዷን የቀረ ቀዳ፣ ማለትም የጾም ዕዳ፣ ይከፈላል፤ ዓኢሻም የቀረባትን ጾም በሻዕባን ትከፍል እንደነበረ ተናግራለች። ስንት ቀን እንደቀረ በትክክል የማያስታውስ ሰው ኅሊናው የሚረጋበትን ቁጥር ይያዝ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን የሚያየው በዚህ ወር እንጂ በረመዷን ሦስተኛ ቀን ራሱን ስቶ ሲወድቅ መሆን የለበትም፤ ክኒኑ ወይም ኢንሱሊኑ ወደ ሱሑርና ኢፍጧር ሰዓት ሊዛወር ይችል እንደሆነ፣ ጾሙ ራሱም የሚፈቀድለት እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ከከለከለው መተዉ ለአላህ መታዘዝ ነው፤ ለበሽተኛ ማቅለያውን የሰጠው ራሱ ቁርኣን ነውና።

የዒዱ ልብስና ጫማም በሻዕባን ይገዛ። ይህ ተራ የገበያ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን 27ኛዋን ሌሊት ከሱቅ ሱቅ ሲዞር የሚያሳልፍ ቤተሰብ ሌሊቱን መልሶ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ያም ዕድሜ ከተሰጠው ነው። የተጣላም ይታረቅ፣ ያለበትን የሰው ሐቅ ይመልስ፤ ከዘመድ ጋር ተኮራርፎ ተራዊሕ መቆም ለልብ ከባድ ነው።

ስለ ጾሙ ኒያ አንድ ነገር ይጨመር። በሻፊዒይ መዝሀብ ለእያንዳንዱ ቀን ጎሕ ሳይቀድ በሌሊት ኒያ ማድረግ ግዴታ ሲሆን፣ በማሊኪይ መዝሀብ ለተከታታዩ ወር በመጀመሪያው ሌሊት የሚደረገው አንድ ኒያ ይበቃል፤ እያንዳንዱ አድማጭ በአካባቢው ካሉ ዑለማእ የሚከተለውን ቢያጣራ ከጥርጣሬ ይድናል።

ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ አድማጭ ግማሽ ገጽ ወረቀት ያዘጋጅ። ከላይ ለዐሥሩ ሌሊቶች ያሰበውን፣ ከሥሩ በየቀኑ ከሰላቶቹ ጋር የሚያስጠጋውን ጥቂት ነገር፣ ከዚያም የሚተወውን አንድ ልማድ፣ በመጨረሻም የቀረበትን የቀዳ ቀን ብዛትና የሚከፍልበትን ቀን ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ያሉበት ቤት ልጆች ይጻፉላቸው። የሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ዘካ ማለትም ከሀብት ላይ ስለሚወጣው ግዴታ፣ በተለይም ነጋዴ የሱቁን ዕቃ እንዴት እንደሚያሰላ ያብራራል።

(የመዝጊያ ድምፅ፦ የድቤ ምት ከፍ ብሎ ይሰማና ይቆማል።)